ጃንሆይ ያልተኙበት አልጋ

ይህ ነገር የደረሰብን ደርግ ገና ትኩስ ሳለ፣ «የንጉሡ ነው» የተባለ ንብረት ሁሉ በሚወረስበት ሰሞን ነው። እኔ ያኔ ከትምህርት ቤት ከወጣሁ ብዙም አልቆየሁም። ወጣሁ ስል የጨረስኩ እንዳይመስላችሁ፤ ስምንተኛ ክፍል ላይ ከሒሳብ አስተማሪው ጋር ተጣልቼ ነው የወጣሁት። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ረስቻለሁ፤ ይህንን ግን አልረሳውም፣ ንዴቱ አልወጣልኝማ! ጠላት ቢጎዳህ ደንብ ነው፣ ጠላት ነዋ። ጎረቤትህ፣ ያውም «እረዳሃለሁ» ብሎ ቃል ገብቶልህ፣ ያውም ለጉራ ሲል ገደል ሲከትህ ግን ምን ይባላል? እስቲ እናንተ ፍረዱ።

ያሳደገችኝ አሞይ ለተኪዳን ናት። አሞይ በኛ የአባት እህት ማለት ነው። ከምጽዋ የሚመጣው መንገድ ዳገቱን ጨርሶ አስመራ ሊገባ ሲል፣ ቤት ጊዮርጊስ መታጠፊያው ላይ ትንሽ አልቤርጎ አላት። ከጣልያን ጊዜ የቀረ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ነው፤ ከታች ሻሂ ቤት፣ ከላይ መኝታ። ባሏ ተኽለ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ወደ አገሩ ከሚመለስ ጣልያን ነው የገዛው። አልቤርጎ ሳሊታ ይባላል። ግን «ሳሊታ የት ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁ ማንም አያሳያችሁም። «ጃንሆይ የተኙበት ቤት» ካላችሁ ዓይነ ስውርም እጃችሁን ይዞ ያደርሳችኋል።

ወሬው እንዲህ ነው። ጃንሆይ ከምጽዋ ሲመጡ ጉም መንገዱን ዘጋው፤ ዝናብ ተጨመረበት፤ እኛ ጋ አደሩ። አደሩበት የተባለው ከላይ በስተቀኝ ያለው ክፍል ነው። ትልቅ የነሐስ አልጋ አለው። ራስጌው ላይ ወርቅ የመሰለ ዘውድ ተመትቶበታል። እሁድ እሁድ የመኮንኖች ሚስቶች ልጆቻቸውን እየያዙ ይመጣሉ፤ ሻሂያቸውን ይጠጡና «እስቲ ክፍሉን አሳዩን» ይላሉ። አልጋውን በእጃቸው ዳበስ አድርገው የሚሳለሙ ነበሩ። ሙሽሮች እንኳ እዚያ አልጋ ላይ ካላደርን ብለው ይመጣሉ። ዘውዱን ቅዳሜ ቅዳሜ በጨርቅ የምወለውለው እኔ ነበርኩ።

እውነቱ ሌላ ነው፤ ሰፈሩም አሳምሮ ያውቀዋል። ጃንሆይ እዚያ ቤት አልተኙም። ከተማው መሃል ቤተ መንግሥት ያለው ሰው፣ አፍንጫው ሥር ሲደርስ ምን ቆርጦት አልቤርጎ ይተኛል? ዳገቱ ላይ ማኪናቸው ፈላ። ወረዱ፤ በረንዳችን ላይ ቆመው አንድ ብርጭቆ ውሃ ጠጡ፤ ማኪናው በረደ፤ ሄዱ። በቃ! የቀረውን ተኽለ ነው የጨመረበት። ውሃው ሻሂ ሆነ፤ ሻሂው ምሳ ሆነ፤ ምሳው እንቅልፍ ሆነ። ሰፈሩም እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም፤ ሁሉም የየራሱን ቁራጭ ሰፋበት። ለቅሶ ቤት፣ ሠርግ ቤት፣ የፌርማታው አግዳሚ ላይ፣ በተገኘው ቦታ ሁሉ ጃንሆይ ሲያድሩ ነው የሚዋለው። ማንንም እስካልጎዳ ድረስ እኔም ግድ አልነበረኝም።

ከዚያ ጓድ ደርቤ የሚባል ካድሬ ወደ ቀበሌያችን ተመደበ። ከመሃል አገር የመጣ፣ ሁልጊዜ ጥርሱን በክብሪት እንጨት የሚጎረጉር ቀጭን ሰውዬ ነው። መጀመሪያ ሻሂ ሊጠጣ መጣ። በረንዳው ላይ ቆሞ ቁልቁል ገደሉን፣ ከሥር የሚወጣውን ጉም ሲያይ ቆየና «ይሄ ቤትስ አየሩ ደስ ይላል» አለ። ባለሥልጣን ቤትህ ደስ አለኝ ካለህ ዕቃህን ጠቅልል ማለቱ ነው።

ሌላ ቀን ተመልሶ መጥቶ ክፍሉን ካላሳያችሁኝ አለ። ወጣንለት። ዘውዱን በጣቱ ቀጭ ቀጭ አደረገው።

«ይሄ የማን ነው?»

«የቤቱ ነው፣ ጓድ» አለች አሞይ።

«የቤቱ አይደለም፣ የንጉሡ ነው። የንጉሡ አልጋ ያለበት ቤት የንጉሡ ቤት ነው። የንጉሡ ቤት ደግሞ የሰፊው ሕዝብ ነው።» ሰፊው ሕዝብ ሲል የራሱን ደረት ነካ።

አሞይ ሌላ ቤት የላትም። ልጅም የላት፣ እኔ ነኝ ያለኋት። ያ ቤት ከተወሰደ ሁለታችንም መንገድ ላይ ነን። ሰውዬው በዚያው ቀን ሊያሽገው ነበር፤ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ግን ጨዋ ሰው ነው፣ «ሕዝቡ ሳይመሰክር አይሆንም፤ እሁድ ስብሰባ ይጠራ። ንጉሡ ተኝቶበታል ካሉ ይወረሳል፤ አልተኛም ካሉ የግለሰብ ቤት ነው፣ ይቀርላታል» አለ። ደርቤም ትከሻውን ነቅንቆ ተስማማ።

ደስ አለኝ! ምን ያስቸግራል? እውነቱን መናገር ብቻ ነው። ቅዳሜ ዕለት ቤት ለቤት ዞርኩ። መጀመሪያ አቦይ ሃብቶም ዘንድ ሄድኩ። መካኒክ ነው፤ ያን ቀን ማኪናው ላይ ውሃ የጨመረው እሱ ነው፤ ከሱ የበለጠ ምስክር የለም። «አቦይ፣ እባክዎ ያዩትን ብቻ ይናገሩ» አልኩት።

«ወደይ፣ ለተኪዳን እህታችን አይደለችም እንዴ?» አለኝ፤ ወደይ ልጄ ማለቱ ነው። «ጊዮርጊስን! ያየሁትን እናገራለሁ።»

ቀጥሎ ፀጉር ቆራጩ አቦይ ዘርኣይ ዘንድ ሄድኩ። አንዱን እየላጨ ነበር። ምላጩን በፎጣው እየጠረገ «ሕራይ፣ እሺ፣ አልተኙም እላለሁ። ይሄ ምን ችግር አለው?» አለኝ። ልብስ አጣቢዋ አደይ ምጽላል ደግሞ እንባዋን ጠርጋ ግንባሬን ሳመችኝ። «ያቺ ሴት ከቤቷ ስትወጣ ከማይ እኔ ልውጣ» አለች። ሌሎቹም እንደዚሁ ማሉልኝ። ማታ ለአሞይ «አለቀ፣ ተኚ» አልኳት።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ የቀበሌው አዳራሽ ሞላ። አዳራሽ ብዬ አከበርኩት እንጂ ድሮ የእህል መጋዘን ነው። ደርቤ ፊት ለፊት ተቀመጠ፤ አብረውት የመጡት ሁለት ሦስት ጓደኞቹ አጠገቡ። መፈክሩ አለቀና ሊቀመንበሩ «ስለዚህ ቤት የሚያውቅ ይናገር» አለ።

አቦይ ሃብቶም ተነሳ። ኮፍያውን አውልቆ በብብቱ ያዘ። «አልተኙም» አለ። «ማኪናቸው ፈልቶ ውሃ የጨመርኩበት እኔ ነኝ። እስኪበርድ ቆሙ፤ ከዚያ ሄዱ።» ተቀመጠ።

እፎይ አልኩ። አሞይ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አንገቷን ደፋች። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ተሸንፎ ይሄዳል። ያ ካድሬ ግን ክብሪቱን ከአፉ አውጥቶ ፈገግ አለ። የሰው ልጅ የት ቦታ ላይ እንደሚያመው ያውቃል፣ እርጉም!

«እኔስ ምን አልኩ?» አለ። «ለአለቆቼ ይህንኑ ነው የነገርኳቸው። ንጉሥ እኮ ነው! እዚህ ምን ሊሠራ ይተኛል? እናንተን ሊያይ? መኪናው ባይፈላ ኖሮ መስኮቱን ዝቅ አድርጎም አያያችሁም። ለካ ይሄን ሁሉ ዘመን በመኪና ውሃ ስትኩራሩ ነው የኖራችሁት!» ጓደኞቹ ከት ብለው ሳቁ። «ለመሆኑ ከመኪናው ወርዷል? ወይስ እሱም ውሸት ነው?»

ከኋላ ሆኜ የሽማግሌዎቹን አንገት አያለሁ፤ ሲቀላ ይታየኛል። የኛን ሰው ብትመታው ይችለዋል። ብታስረው ይችለዋል። «አንተን ማን አይቶህ ያውቃል?» ካልከው ግን አለቀ። በውስጤ «ተዉ፣ ዝም በሉ፣ ዝም በሉ» እላለሁ።

አቦይ ዘርኣይ ብድግ አለ።

«ምን አልክ አንተ? መስኮት አያወርዱም?»

«አያወርዱም» አለ ደርቤ።

«ታዲያ ጢማቸውን ማን ያስተካከለ ይመስልሃል?»

«ማን ነው?»

«ዘርኣይ ነዋ! ይሄ የምታየው ዘርኣይ! ጠዋት ከአልጋቸው ተነስተው፣ እዚያው ክፍል፣ በዚህ እጄ!»

ጠዋት! ከአልጋቸው ተነስተው! ሰው ሳይተኛ ከአልጋ ይነሳል?

«አቦይ ዘርኣይ!» ብዬ ጮህኩ። «ትናንት ምን ነበር ያሉኝ?»

«ስቕ በል ኣታ ቆልዓ!» አለኝ። አንተ ልጅ ዝም በል ማለቱ ነው። ወደኔ ዞሮ እንኳ አላየም።

እሱ ሳይቀመጥ አደይ ምጽላል ተነሳች። ያቺ ግንባሬን የሳመችው! «አንሶላቸውን ያጠብኩት እኔ ነኝ» አለች። «ሽቶው በሦስት ውሃ አልለቀቀም። እጄ ላይ ሳምንት ሰነበተ። ባለቤቴ በሕይወት ቢኖር ይመሰክር ነበር፤ ከማን ጋር ነበርሽ ብሎኛል!» ሴቶቹ «እውነቷን ነው» አሉ።

ከዚያ ወዲያ ማን ይያዛቸው? አንዱ ካፖርታቸውን ያደረቀ እሱ ነው። አንዱ ውሻቸውን ሥጋ ያበላ እሱ ነው። አንዲቱ እንቁላል የጠበሰችላቸው እሷ ናት፤ «ቃርያ አይወዱም» አለች፤ ሌላዋ «ማነው ያለሽ? ይወዳሉ!» ብላ ተነሳችባት፤ በቃርያው ሊደባደቡ ደረሱ። ከጥግ አንድ ሽማግሌ «አንድ ሌሊት ብቻ ነው የምትሉት? ሁለት ሌሊት ነው ያደሩት!» አለ። ደርቤ ራሱን እየነቀነቀ «ቀጥሉ ጓዶች፣ ቀጥሉ» ይላል። ላም እንደሚያልብ ሰው ነው፤ ጡቱን ነካ ካደረገው ወተቱ ራሱ ይወርዳል።

የመጨረሻ ተስፋዬ አቦይ ሃብቶም ነበር። «አቦይ፣ እርስዎ በጊዮርጊስ ምለዋል! ይንገሯቸው!» አልኩት። ተነሳ። ኮፍያውን አሻሸ። ግራ ቀኙን አየ። እሱ ብቻ ባዶ እጁን ሊቀር ነው፣ ያ ነው የከበደው።

«እኔ አልዋሸሁም» አለ። «ማኪናው እስኪበርድ ቆዩ ነው ያልኩት። ማኪናው ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ነው የበረደው።»

ያኔ አበድኩ። ያፌን ልጓም ፈታሁት። እርስዎ ማለቱን ትቼ «አንተ» አልኩት፤ ሽማግሌ ውሸታም አልኩት፤ ዘርኣይን «አንተ የፍየል ጢም እንኳ ደህና አድርገህ አትላጭም» አልኩት። ሁለት አብዮት ጠባቂዎች ክንዴን ያዙኝ። ሰፈሩ ሁሉ ወደኔ ዞሮ «ባለጌ! ያልተቀጣ!» አለኝ። እኔን! ቤታችንን እያስወሰዱ እኔ ባለጌ!

ይሄኔ አሞይ ተነሳች። ቁመቷ አጭር ነው፤ ስትቆምም የተቀመጠች ነው የምትመስለው።

«ልቀቁት» አለች። ከዚያ ለኔ፣ «ወደይ፣ ሂድና ዘውዱን ነቅለህ አምጣው» አለችኝ።

ሮጥኩ። ዘውዱ በሚስማር ነው የተመታው፤ በብረት ፈልቅቄ አወጣሁት። በዚያ ንዴት የያዝኩትን ነገር እንኳ ሳላየው በጃኬቴ ጠቅልዬ እየሮጥኩ ተመለስኩ። ተቀበለችኝና ሊቀመንበሩ ጠረጴዛ ላይ ገልብጣ አስቀመጠችው።

ከጀርባው ቀይ ቲማቲም ተስሎበታል። ሁለት ትልልቅ ቲማቲም፣ አረንጓዴ ቅጠል ያለው፣ ከሥሩ የጣልያን ጽሕፈት። ያን ሁሉ ጊዜ ስወለውለው የኖርኩት የሳልሳ ጣሳ ነው!

«ባሌ መደበር፣ ቆርቆሮ ቀጥቃጮቹ ዘንድ ወስዶ ነው ያስቆረጠው» አለች። «እኔ አብሬው ነበርኩ፤ ወርቁን ቀለም የቀባሁት እኔ ነኝ። አልጋው ከቤቱ ጋር አብሮ የተገዛ የጣልያኑ አልጋ ነው። ጃንሆይ አልተኙም። ቆመው ውሃ ጠጡ፤ ‹እግዜር ይስጥልኝ› አሉ፤ ሄዱ። ውሸቱ የባሌ ነው፤ እሱ ሲሞት ደግሞ የኔ ሆነ፤ በልቼበታለሁ።» ወደ ደርቤ ዞረች። «ጓድ፣ ንጉሥ በሳልሳ ጣሳ ሥር የሚተኛ ከሆነ ቤቱን ውሰደው።»

መጀመሪያ የሳቀው ሊቀመንበሩ ነው። ከዚያ የደርቤ የራሱ ጓደኞች ሳቁ፤ አንደኛው ጣሳውን አንስቶ ራሱ ላይ ደፋው። ደርቤ ክብሪቱን ነክሶ ሰበረው። በሳቅ መሃል ቤት አይወረስም። ሊቀመንበሩ «የግለሰብ ቤት ነው፤ ለባለቤቷ ይቀራል» ብሎ ጠረጴዛውን መታ። ደርቤ ኮቱን አንስቶ ወጣ። ጥቂት ቆይቶም ወደ ሌላ ቦታ ተቀየረ፤ የት እንደሄደ አላውቅም፤ የማንን በረንዳ እያደነቀ እንደሆነ ግን እገምታለሁ።

እዚህ ላይ ቢያልቅ እኔም ይህንን ባልጻፍኩ። ደስ ብሎኝ ወደ ሰፈራችን ሰዎች ዞርኩ፤ እልል የሚሉ መስሎኝ። አንድም የሚስቅ የለም። አሞይን የሚያዩዋት ሬሳ ያስቆፈረች ሴት አስመስለው ነው።

«ጎረቤቶቼ፣ ይቅር በሉኝ» አለቻቸው።

«ሓሳዊት!» አላት ዘርኣይ። ውሸታም ማለቱ ነው፤ እሱ እሷን! «ጃንሆይ ተኝተዋል። እኔ ጢማቸውን አስተካክያለሁ። አንቺ ለቤትሽ ስትዪ ነው ያዋረድሽን።»

«ዘርኣይ» አለችው ቀስ ብላ፣ «ያን ጊዜ አንተ ከረን አልነበርክም እንዴ?»

መሬት ላይ እንትፍ አለና ወጣ። ተከትለውት ወጡ። አደይ ምጽላል በአጠገባችን ስታልፍ ነጠላዋን ሰበሰበች፣ እንዳንነካባት።

የጊዮርጊስ ማሕበር አላቸው፤ በየወሩ ጽዋው ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ይዞራል። በሚቀጥለው ወር ተራው የአሞይ ነበር። ስዋ የምንለውን ጠላ ጠመቀች፣ ሕምባሻ ጋገረች፣ ከታች ያለውን ሻሂ ቤት አጥባ አግዳሚ ደረደረች። በሩ ላይ ቆማ ጠበቀች። ከላይኛው መታጠፊያ ላይ ሲመጡ አየናቸው፤ ጽዋው በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ፣ ከፊት አቦይ ሃብቶም ይዞታል። መጡ፣ መጡ፣ በራችን ጋ ደረሱ፤ አለፉ። አንገታቸውን ሳያዞሩ አለፉ። ወደ ምጽላል ቤት ገቡ። መዝሙራቸው እኛ ቤት ድረስ ይሰማ ነበር።

እኔ ድንጋይ አነሳሁ። አሞይ እጄን ይዛ አስጣለችኝ።

«ተዋቸው» አለች። «እኔ ቤቴ አለኝ። እነሱ የነበራቸው እሱ ብቻ ነው፤ እሱን ወሰድኩባቸው።»

እሷ እንዲህ ናት። እኔ ግን እንደሷ አይደለሁም፤ ልሁንም አልልም። ምን ወሰደችባቸው? ያልነበራቸውን ነገር! ሁለታችንን ለብርድ ሰጥተው አንድ ጢም፣ አንድ አንሶላ፣ አንድ እንቁላል ሊያተርፉ! ያ ካድሬ ሌባ ነው፤ ሌባ መሆኑን ግን በበረንዳው ላይ ቆሞ ነግሮናል። እነሱ ግንባሬን ስመውኛል። እስካሁን ጽዋው ቤታችንን እየዘለለ ነው። እሁድ እሁድ የሚመጡት ሴቶችም ቀርተዋል፤ የምጽዋ ሾፌሮች ናቸው የሚያድሩብን፣ ዘውድ አይጠይቁም። አሞይ በየወሩ ያቺን ቀን በሩን ከፍታ ትቀመጣለች፤ ያን ሳይ ንዴቱ እንደ አዲስ ይነሳብኛል።

ዘርኣይ አሁንም ወታደሮችን እየላጨ ጢሙን ያወራል። በሱቁ በር ሳልፍ እሰማዋለሁ። ስለዚህ ፀጉሬን ለመቆረጥ ከተማውን አቋርጬ ጥራቮሎ ድረስ እሄዳለሁ። ባለፈው እዚያ ያለው ቆራጭ ፎጣ አንገቴ ላይ እያሰረ «ሰፈርህ የት ነው?» አለኝ።

«ቤት ጊዮርጊስ።»

«እንዴ! ጃንሆይ ያደሩበት! አጎቴ እኮ ያን ሌሊት ጫማቸውን የጠረገ ሰው ነው።»

ልነሳበት ነበር። ምላጩን ማጅራቴ ላይ አሳርፎታል። አንገቴን ደፋሁለት።